ለሁለት የተከፈለ ክኒን

ከቡሬ ቁልቁል ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ጤና ኬላ፣ ክንፈሚካኤል የሚባል ጤና ረዳት ነበር። በ1985 መስከረም ወባው አገሩን ሲያጥለቀልቀው የወባው ክኒን ክሎሮኪን እየተሟጠጠ መጣ። ደንቡ ለአንድ በሽተኛ አሥር ፍሬ ነው፣ በሦስት ቀን ተውጦ የሚያልቅ። ደጃፉ ላይ ግን ስልሳ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ይንዘፈዘፋል፤ ያለው ክኒን ከሠላሳ ሰው አያልፍም። ማንን ይመልስ? ለያንዳንዱ አምስት አምስት አደለ። ትኩሳቱ ከብዙዎቹ ላይ ወረደ፤ መራቂው በዛ። ከዚያ ወዲያ መድኃኒት ባጠረ ቁጥር ለሁለት መክፈል ልማዱ ሆነ።

በ1990 ጥቅምት የእትዬ ሀብትነሽ ልጅ ዘመኑ፣ ገና ከጫጉላ ያልወጣ ገበሬ፣ በቃሬዛ መጣ። ዘንድሮ መድኃኒት ሞልቷል። ክንፈሚካኤል አሥሩንም አንድ ሳያጎድል በእጁ አስዋጠው። ትኩሳቱ በረድ አለና በአምስተኛው ቀን አገረሸ። ወደ ቡሬ ተሸክመውት ሲወጡ ዳገቱ ላይ አረፈ። በዚያው ወር እንደሱ መድኃኒቱን ጨርሰው የሞቱ ሰባት ነበሩ።

በጥር ፍኖተ ሰላም ለሥልጠና ተጠራ። አሠልጣኟ እስከዳር እንዲህ አለች፦

«መድኃኒቱ አልተበላሸም፤ የተለወጠው ተሐዋሲው ነው። በአንድ ሰው ደም ውስጥ እልፍ አእላፍ አለ፤ ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ክኒኑ ደካማውን ይገድላል። መጠኑ ሲጎድል መድኃኒቱን የቻለው ይተርፋል፤ የሚራባውም እሱ ነው። ትንኟ ወደ ሌላው ታደርሰዋለች። ዓመታት ሲያልፉ በአገሩ የሚቀረው የዚያ ዘር ይሆናል።»

«የአንዱን ድርሻ ለሁለት ማካፈልስ?» አለ ክንፈሚካኤል።

«እሱማ የጠንካራው ተሐዋሲ እርባታ ነው» አለችው፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል።

እንደተመለሰ በቀጥታ ሀብትነሽ ቤት ሄዶ ሁሉንም ነገራቸው። ጥቁራቸውን ገና አላወለቁም። እስከ መጨረሻው ሰሙትና፣

«በሰማኒያ አምስት እኔም እደጅህ ነበርሁ» አሉ። «አምስቱን ለኔም ሰጥተኸኛል።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ታዲያ እኔን ባተረፈው ነው ልጄ የሞተው በለኛ።»

እሳቸውም ይቅር አላሉት፣ አልረገሙትም፤ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

በዓመቱ ሌላ መድኃኒት መጣ። ክንፈሚካኤል እፊቱ ካላስዋጠ አይሰጥም፤ ለሁለትም አይከፍልም። ሲያልቅበት የቀሩትን ወደ ቡሬ ይልካቸዋል። ዳገቱን ሲወጡ በመስኮት ያያቸዋል፤ ከመካከላቸው የማይደርሱ አሉ።