የሰርክአዲስ ሳቅ

አፍንጮ በር ከእኔ ጋር በአንድ ግድግዳ የምትኖረው ሰርክአዲስ ስትስቅ ሰፈር ይሰማል። እያጋነንኩ አይደለም። መጀመሪያ ትንፋሿ ቀጥ ይላል፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ሲለቃት አጠገቧ ያለ ሰው ምን እንዳሳቃት ሳያውቅ አብሯት ይስቃል። በእሷ ሳቅ ስንት ወጥ አሳርሬያለሁ።

ይህን ነገር ማቲዎስ የሚባለው ቀልደኛ ደረሰበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ አንድ አዳራሽ ውስጥ የሚቀልድ፣ ባለሥልጣን ካልነካ እንቅልፍ የማይወስደው ዝነኛ ልጅ ነው። አንድ ቀን ገብታ ስትስቅ ሰማትና ከዚያ ወዲህ በነፃ ከፊት ወንበር ያስቀምጣት ጀመር። እሷ ከሳቀች ቤቱ በሙሉ ይከተላታል።

ሰርክአዲስ ደግሞ አምስት ኪሎ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በኮንትራት ትሠራለች። ኮንትራቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የሚፈርሙላት ኃላፊው አቶ እምሩ ናቸው። አልጋ ላይ የዋሉ እናቷን የምታስታምመው በዚያች ደሞዝ ነው። ያን ሰሞን የእድሳቱ ጊዜ ደርሶ ነበር።

ማቲዎስ ሆዬ በዚያው ሰሞን አቶ እምሩን አነሳ። «ለአንድ ቧንቧ ሦስት ጊዜ ሪባን ቆረጡ፤ ውሃ ግን ጠብ አላለም። መቀስ ከወደዱ አይቀር ፀጉር ቤት ይክፈቱልን፤ እዚያ እንኳ የጀመሩትን ሳይጨርሱ ደንበኛው አይለቃቸውም» አለ። ሰርኬ ፈነዳች። እንባዋን ስትጠርግ ካሜራ ያዛት፤ በማግስቱ ቪዲዮው በየሰው ስልክ ዞረ።

ሰኞ አቶ እምሩ አስጠሯት። እኔ እንዳያባርሯት ስለት ተሳልኩ። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው ጠበቋት።

«እኔ ቀልድ የምፈራ ሰው መሰልኩሽ?» አሏት። «ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን። ስለ እኔ ሲያወራ ሁለታችንም እንስቃለን፤ ሰውም ይየን። ኮንትራትሽን ከዚያ በኋላ እናየዋለን።»

መጥታ ስትነግረኝ ደሜ ፈላ።

«አሞኛል በያቸው» አልኳት።

«እስከ መቼ ልታመም?» አለችኝ።

ለማቲዎስ ደውላ ያንን ቀልድ እንዲተወው ለመነችው። «ሰው የሚመጣው እሱን ሊሰማ ነው፤ አይዞሽ» ብሏት ስልኩን ዘጋ። ምን ቸገረው፣ የሚፈረምለት ኮንትራት የለ።

ቅዳሜ እኔም ሄጄ ከኋላዋ ተቀመጥኩ። አቶ እምሩ ከጎኗ ናቸው፤ ስልክ ደግኖ የሚቀርፃቸው ሰው አቁመዋል። ማቲዎስ አያቸው። አልፈራም፣ ይህን አልክድበትም። የቧንቧውን ቀልድ እንዳለ ደገመና ወደ ሰርኬ ዞረ። አዳራሹም አብሮት ዞረ። አቶ እምሩ ብቻቸውን ሳቁ፤ ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «ሳቂ እንጂ» ሲሏት ሰማሁ።

ሳቀች። ትከሻዋ አልተንቀሳቀሰም፤ ድምፁ ግን ያው የእሷ ነውና ሰው ተከተላት። ማቲዎስ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሌላ ወሬ ገባ። በማግስቱ የዞረው ቪዲዮ «ቢቀለድባቸው የማይከፋቸው ኃላፊ» የሚል ነበር። ስለ ውሃው የጠየቀ ሰው አላየሁም።

ኮንትራቱ ተፈረመ። ማቲዎስ ከዚያ ወዲህ ጠርቷት አያውቅም። አቶ እምሩ ግን በየስብሰባው ከፊት ያስቀምጧታል፤ ቀልድ ሲጀምሩ እሷን እያዩ ነው። እሷም ታውቃለች፣ ትስቅላቸዋለች። ማታ ስትገባ ጉሮሮዋን ይዛ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ሳቋን ከሰማሁ ቆየሁ።

ባለፈው እሁድ ግቢ ውስጥ አንሶላ ሳሰጣ የሳብኩት ገመድ ተበጠሰና ከነአንሶላው ጭቃው ላይ ዘጭ አልኩ። አንሶላው ተጠምጥሞብኝ መነሳት አቃተኝ፤ መሬት ላይ እንዳለሁ የራሴው ነገር አሳቀኝ። ሰርኬ በሯ ላይ ቆማ ታየኛለች። ድሮ ቢሆን እንኳን ልታነሳኝ ራሷም አጠገቤ በወደቀች ነበር። ግቢውን ዞር ዞር ብላ ቃኘች። ጠጋ አለችና፣ ቀልዷንም ሳይሆን፣ ዝግ ባለ ድምፅ «ልሳቅ?» አለችኝ።