የሦስት መስቀል ጎመን

ዘበኛ ለመሆን እንደማልበቃ የተነገረኝ አዲስ አበባ ነው። ሆሳዕና ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ድራማ እጽፋለሁ፣ እተውናለሁ። አንድ ክረምት ለቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ተዋናይ እንደሚፈለግ ሰማሁ። የሐኪሙን ሚና ሁለት ሳምንት ሙሉ አጥንቼ፣ ከመናኸሪያ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ፈታኙ ገና አፌን ስከፍት "ከየት ነህ?" አለኝ። "ከሆሳዕና" አልኩት። ፊቱ በራ። የሐኪሙን ወረቀት ከእጄ ወስዶ የዘበኛውን ሰጠኝ። አነበብኩ። ትንሽ አሰበና "ጥሩ ነው፤ ግን ደቡብነት ያንሰዋል" አለኝ። ሚናውን አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ከደቡብ የሚያውቀው የሐዋሳን ሐይቅ ብቻ የሆነ ልጅ ወሰደው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ዱላ ይዞ፣ ጌታው በተጣራ ቁጥር እየተደናበረ አገሩን በሳቅ ገደለው። እኔ ራሴን ለመምሰል ተፈትኜ፣ ወድቄ ተመለስኩ።

ይህን ታሪክ ያልነገርኩት ሰው የለም። ለባልደረቦቼ ሻይ ቤት ነግሬያለሁ፣ ለጸጉር አስተካካዬ ነግሬያለሁ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ነግሬያለሁ። ሁልጊዜም የምቋጨው በአንድ ተረት ነበር፤ "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።" ሚስቴ "የወጋ" የሚለውን ስትሰማ ዕቃ ልታጥብ ትነሳለች።

እስከ መጨረሻው በጥሞና የሰማኝ አንድ ሰው ጎረቤቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምህንድስና የሚያስተምር ህንዳዊ ነው፤ እኛ በተከራየንበት ግቢ ጥግ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ለአራት ዓመት ያህል ብቻውን ኖሯል። "ያደግክበትን አነጋገር እንዴት አታውቀውም ይሉሃል?" ብሎ ከልቡ ተናደደልኝ። ስሙን እዚህ አልጽፍም። ያኔም አልጠራሁትም ነበር፤ ያኔ ግን ለጨዋነት ብዬ ሳይሆን፣ የህንድ ስም ምላስ ይሰብራል ብዬ ስላሰብኩ ነው። ግቢው በሙሉ "ህንዱ" ብሎ ተገላግሏል። "ህንዱ ገባ?" "ህንዱ ውሃ ቀዳ?" እኔን አዲስ አበባ ላይ "ደቡቡ" ብሎ የሚጠራኝ ቢገኝ ጋዜጣ ላይ እጽፍበት ነበር።

ስለ ህንድ የማውቀውን ያወቅኩት ከታማኝ ምንጭ ነው፤ ከሳሎኔ ቴሌቪዥን። ሚስቴ ወደ አማርኛ የተመለሱትን የህንድ ድራማዎች አንድም አታሳልፍም። ከነሱ እንደተማርኩት ህንዳዊ ሁሉ ባለ ፎቅ ቤት አለው። አማት ሁሉ መርዝ ትበጠብጣለች። ሰው በር ሲከፍት መብረቅ ይጮሃል፣ ካሜራውም የደነገጠውን ፊት ሦስት ሦስት ጊዜ ያሳያል። ጎረቤታችን አመሻሽ ላይ ብቅ ሲል ናፍቆቱን ይወጣ ብለን ድምፁን ከፍ እናደርግለታለን። "ያውልህ ወገኖችህ!" እለዋለሁ። እሱም ሻዩን ይዞ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያያል። አንድ ቀን "እኛ ቤት ፎቅ የለም" አለ። ሌላ ቀን ደግሞ የእነዚህ ሰዎች ቋንቋ የእሱ ቋንቋ እንዳልሆነ፣ እሱ ኬረላ ከሚባል ከደቡብ ህንድ እንደመጣ፣ በፊልም ላይ ሰሜኖቹ በደቡቦቹ አነጋገር እንደሚስቁ ነገረኝ። ደቡብ ሲል ሰምቼ እንኳ አልነቃሁም። "እሺ፣ አሁን ልጅቷ ታገባዋለች?" ብዬ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆምኩት።

በእኛ አገር መስቀል ማለት ሥጋ ነው። ሰው ተቧድኖ በሬ ይጥላል፤ በዚያ ቀን ሥጋ ያልደረሰው ጎረቤት ካለ ነውሩ የግቢው ሁሉ ነው። እኛ ግን አዋቂዎች ነን፤ ህንድ ላም እንደሚያመልክ በፊልም አይተናል። ስለዚህ ቅርጫው ሲከፋፈል እንዳያይና እንዳያዝን መጋረጃ ጋረድንበት። ሚስቴ ሥጋ ነክቶት በማያውቅ አዲስ ድስት ለብቻው ጎመን ቀቀለችለት። ህንድ የሚያቃጥል ነገር ይወዳል ስለተባለም ሚጥሚጣውን በእፍኝ ጨመርንበት። "በጣም ጣፋጭ ነው" ይለናል፣ ዓይኑን እየጠረገ። እንባውን ለምስጋና ቆጠርንለት። ሦስት መስቀል እንዲህ አለፈ። አንዳችንም አልጠየቅነውም፤ ሰውን ሃይማኖቱን መጠየቅ ነውር ነዋ። እሁድ እሁድ ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ሲወጣ አትክልት ሊገዛ ይሆናል ብለን አለፍነው።

ሰኔ ላይ ለወላጆች ቀን ድራማ እንድጽፍ ትምህርት ቤቱ ጠየቀኝ። ሐሳቡ በአንድ ቀን መጣልኝ። አንድ ህንዳዊ መምህር ሀዲያ ቤት ለመስቀል ይጋበዛል፤ አለቀ። ህንዱን ማን ይሥራው? እኔ ነኛ። የሚስቴን ሻሽ ራሴ ላይ ጠመጠምኩ፣ ግንባሬ ላይ በሊፒስቲክ ቀይ ነጥብ አደረግሁ፣ አንገቴን እንደላላ የበር ማጠፊያ አወዛወዝኩ። ሲያፈቅር ዛፍ ይዞራል፤ ሲያዝን ይዘፍናል። ትልቁ ትዕይንት ግን የበሬው ነበር። እውነተኛ በሬ ተውሰን ሜዳው መሃል አቆምን። ቢላዋ የያዙት ሰዎች ሲመጡ አበባ አንገቱ ላይ አጥልቄ ፊቱ ተንበረከክኩና፣ አማርኛውን እየሰባበርኩ "አትንኩት፣ አባቴ ነው!" ብዬ አለቀስኩ። ወላጅ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ እንባውን ጠረገ። ጎረቤቴን ከፊት ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ክብር መሆኑ ነው። ከተንበረከክሁበት ቀና ስል አየሁት። ይስቃል። እሱም ከሳቀ ታዲያ ምን ቀረ?

ከዚያ በኋላ ሰላምታው አልጎደለም። ሻዩ ግን ቀረ። ሶፋው ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። "ምን አድርገኸው ነው?" አለች ሚስቴ። "ምንም፤ ፈተና እያረመ ይሆናል" አልኳት። ክረምቱን ሙሉ ፈተና አረመ። መስከረም ሲጠባ የሥራ ውሉ እንዳለቀና በመስቀል ሳምንት ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አገሩ እንደሚመለስ ሰማሁ፤ የሰማሁት ከእሱ ሳይሆን ከአከራያችን ነው። ንዴቴን ከእኔ ጋር የተናደደልኝ ሰው አኩርፎኝ ሊሄድ ነው። ለምን እንዳኮረፈ አላውቅም ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ራሴ ግን አላመነኝም።

ሚስቴ ነገሩን ቶሎ ቆረጠችው። "የዘንድሮን መስቀል ዳምቦያ ይዘነው እንሂድ" አለች። ወላጆቿ እዚያ ናቸው፤ ከምባታ ናቸው። በአባቷ ቤት ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት አባወራው "በልቡ ነገር የያዘ አለ?" ብለው ይጠይቃሉ። ያለው ይናገራል፣ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ የበላ ሥጋው አይስማማውም። "ቂም ካለው እዚያ ይናገራል፤ ዝም ካለ ደግሞ የለውም ማለት ነው" አለችኝ። እኔ ዝም እንዲል ተሳልኩ።

ስንጋብዘው እምቢ አላለም። የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ ሚኒባሱ ውስጥ ከሚስቴና ከልጆቼ ኋላ አጠገቤ ተቀመጠና መንገዱን ሙሉ እንሰቱን በመስኮት ሲያይ ሄደ። ዳምቦያ ስንደርስ ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ቆጮው ተነጥፏል፣ ሥጋው ተሰቅሏል። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ድስት ጎመን ለብቻው ተከድኗል። ሚስቴ ለእናቷ በስልክ አደራ ብላ ነበር፤ ሚጥሚጣውንም ጭምር።

አባወራው አማቴ የድሮ ካቶሊክ ናቸው። ቆመው ጸለዩ፣ ጨርሰው አማተቡ። እኛ ጴንጤዎቹ እጃችንን አጣምረን አንገታችንን ደፍተናል። ጎረቤቴ አማተበ። አማቴ ዓይናቸውን ገልጠው አዩት።

"ልጄ፣ ካቶሊክ ነህ እንዴ?"

"ነኝ። አባቴም፣ አያቴም።"

"ስምህን ማን ልበል?"

ነገራቸው። አማቴ ሳይደናቀፉ ደገሙት። የሐዋርያ ስም ነው፤ የታናሽ ወንድሜም ስም ነው። ምላሴን ይሰብረዋል ብዬ የፈራሁት ስም በልጅነቴ በቀን መቶ ጊዜ ስጠራው ያደግኩት ነበር። ሚስቴ ጎመኑን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

አማቴ ቢላዋውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠየቁ። "በልቡ ነገር የያዘ አለ?"

እኔ ወለሉን አየሁ።

"እኔ አለኝ" አለ ጎረቤቴ።

አማርኛውን እንደተናገረው አልጽፈውም፤ ያንን ሥራ ሰኔ ላይ ጨርሼዋለሁ። ያለው ይህን ነው፦ "አባባ፣ ሦስት መስቀል ጎመን በላሁ። እኛ ቤት በዓል ሲሆን የበሬ ሥጋ አለ፤ እናቴ ከኮኮናት ጋር ትጠብሰዋለች። ሰዎቹ አክብረውኝ እንደሆነ ስለማውቅ ዝም አልኩ። ጎመኑን ቂም አልያዝኩበትም።" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ የሚስቴ እናት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፣ አባወራው አማቴም ትከሻቸው ተነቃነቀ። እኔም ተመስገን ብዬ ተነፈስኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ቂሜ የሰኔው ነው። አዲስ አበባ ያደረጉህን ስትነግረኝ እኔ አልሳቅሁም። አንተ በሬው ፊት ስትንበረከክ ግን ሜዳው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ እስቅ እንደሆነ ሊያይ። ምን ላድርግ? ሳቅሁ።"

መልስ ፈለግኩ። ቀልድ ነው ልበል? የዘበኛውም ሚና ቀልድ ነበር። ክፋት የለኝም ልበል? ፈታኙም ክፋት አልነበረውም፤ እንዲያውም ፊቱ በርቶ ነበር። ተረቴን እንኳ መጥራት አልቻልኩም፤ ለዓመታት የተወጋው እኔ ብቻ እየመሰለኝ ስተርተው ኖሬያለሁ። አፈርኩ። ልጆቼ ፊት፣ አማቶቼ ፊት አፈርኩ።

"አጥፍቻለሁ" አልኩ።

ጎረቤቴ "ድራማው መጥፎ አልነበረም። በሬው በደንብ ተውኗል" አለ። "ራሱን የሆነው እሱ ብቻ ነው።"

አማቴ ግን ፍርድ ሳይሰጡ ቢላዋ አያነሱም። "ጥፋት ካሳ አለው" አሉ። "የአማቼን ድርሻ ሥጋ ለእንግዳው ስጡት። የእንግዳውን ጎመን ለአማቼ አምጡለት፤ ከነድስቱ።"

ጎመኑ ፊቴ ተቀመጠ። ሦስት ዓመት ያበላሁትን ምግብ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጎረስኩት። ጉሮሮዬ እሳት ሆነ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አፍንጫዬ ፈሰሰ። ማዶ ጎረቤቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሥጋ ይዞ፣ ሳይጎርስ ይጠብቃል። ሚስቴ፣ ልጆቼ፣ ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል፤ እስቅ እንደሆነ ሊያይ።

ሳቅሁ።