ባሌ ያላረሰው ማሳ

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ጋደሜ» ይለው ነበር። እኔም ከኋላው እለው ነበር፤ ምን ልዋሽ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማሳውን አላረሰም። በሹል እንጨት መሬቱን ወጋ እያደረገ ዘሩን ይጥላል፣ የአጨዳውን አገዳ እዚያው ያለብሰዋል፣ ከዚያ ጥላ ሥር ጋደም። ማሳችን ሰው ተነስቶበት ያልተነጠፈ አልጋ ነበር የሚመስለው።

መሬቱ ገና በአማቴ ስም ነበር። አንድ ቀን መጡና፣ «ስንፍናህን መሬቴ ላይ አታሳድር። ለወንድምህ እሰጠዋለሁ» አሉት።

«አባባ፣ ሥሩና አገዳው ሲበሰብስ አፈሩ ውስጥ ካርቦን ይጠራቀማል። ስታርሰው ግን ተንፍሶ ይወጣል።»

«አንተ መቼም የምትተኛበት ምክንያት አታጣም።»

በመጨረሻ አፈር የሚመረምር ባለሙያ የባሌንና በየዓመቱ የሚያርሰውን የታናሽ ወንድሙን ማሳ እንዲያይ ተስማሙ። የጋደሜ አፈር ካልበለጠ መሬቱ ለታናሽየው።

ባለሙያው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው እኔን ሐፍረት ያዘኝ። የተማረ እንግዳ ያንን ዝርክርክ ይይብኝ? ባሌ ገበያ እንደወጣ ዋርሳዬን፣ ያንኑ ታናሽ ወንድሙን፣ ለመንኩት፤ «ትራክተርህን አምጣና ለዓይን ያህል አስተካክልልኝ።»

«ደስ ይለኛል እቴ» አለ። ምን እንዲህ ደስ እንዳሰኘው እንኳ አልጠረጠርኩም።

ባሌ ሲመለስ ሳትታረስ የቀረችው አንዲት ጠባብ ሰንበር ነበረች። ዘንቢሉን ጥሎ ትራክተሩ ፊት ተዘረረ።

«ተነስ እንጂ ወንድምዓለም፣ ልጨርስ።»

«በላዬ እለፍና ጨርስ።»

በማግስቱም እዚያው ነበር። ቁርሱን እንኳ ተጋድሞ በላ። ባለሙያው መጥቶ ከታናሽየው ማሳ ቆፈረ፣ እኔ ካሳረስኩት ቆፈረ፣ ከዚያ፣ «አባቴ፣ እስቲ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አለ። ከባሌ ጎን ሥር የወጣው አፈር ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ ትል የሚርመሰመስበት ነበር።

ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። የእኛ አፈር ካርቦን የታናሽየውን እጥፍ ነበር። ያሳረስኩትም ቢሆን ይሻላል ተባለ፤ የዘጠኝ ዓመት ጥሪት ባንድ ቀን አያልቅም፣ እየታረሰ ከቀጠለ ግን ያልቃል። አማቴ ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውንም አዩት።

«እንግዲህ ተኛበት» አሉት። መሬቱ በዚህች ቃል የኛ ሆነ።

ባሌ ያንን ሥራዬን አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። እንግዳ ሊመጣ ሲል ብቻ፣ «መጥረጊያውን ደብቁባት» ይል ነበር።

ሲቀበር ቆፋሪዎቹን፣ «ይህን ሁሉ አፈር ስታገላብጡ ቢያይ ይቆጣችሁ ነበር» አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

መቃብሩን አገዳ አልብሼዋለሁ። ምራቴ ተዝረከረከ ትላለች። አልጠርገውም።