ጽዋውን ይዤ ወደ ጎተራ

ጎተራ፣ ጠዋት

ዛሬ ከቤት የወጣሁት ለዝግጅት ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ለማስተምራቸው ወጣቶች «በመከራ የሚጸና እምነት» የሚል ትምህርት አለብኝ፤ ምሳሌ ያደረግኳት የሥራ ባልደረባዬን መምህርት ሰናይትን ነው። እውነቱን ለመናገር እቀናባታለሁ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ስለ ጸሎት አስተምራለሁ እንጂ አልጸልይም። እሷ ግን የተወለደችበት የካዛንቺስ ቤት ለልማት ፈርሶ፣ ጎረቤቶቿ ተበትነው፣ መዝሙር እያንጎራጎረች ክፍል ትገባለች።

ካዛንቺስ

በስታዲየም በኩል፣ በሁለት ታክሲ ደረስኩ። ሰናይት አበባ የተተከለበት ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ።

«እዚህ ጋ ሳሎናችን ነበር» አለች በጫማዋ ጫፍ እያሳየችኝ። «አንቺ የቆምሽው ማድ ቤት ነው። ወጡን እንዳትደፊው።»

ሳቀች። እኔ ብሆን አለቅስ ነበር፤ በሳቋም ቀናሁ።

«እንዴት ቻልሽው ግን?»

«ማለቴ... እኔም መጸለይ የሚያቅተኝ ጊዜ አለ። ግን ማኅበር አለን። ተራሽ ሲደርስ ቤትሽን ትጠርጊያለሽ፣ ይመጣሉ፣ ይጸልያሉ። በቃ።»

ቂርቆስ

የዛሬው የማኅበር ተራ የሰናይት ስለሆነ ወደተከራየችው ክፍል ሄድን። የድሮ ጎረቤቶቿ ታክሲ እየቀያየሩ ከየከተማው ዳርቻ መጥተው ጠላና ድፎ ዳቦ ቀርቦላቸዋል። ለማያውቅ ላስረዳ፦ የማርያም ማኅበር በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ቀጣይዋ ደጋሽ በጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ተቀብላ ትሄዳለች።

የሚቀጥለው ወር ተረኛ እትዬ ዘነበች ግን እጃቸውን አልዘረጉም።

«ልጄ ጋ ተጠግቼ ነው ያለሁት፤ መቀመጫ እንኳ የለውም። እኔን እለፉኝ።»

ሰናይት እንደነገረችኝ ባለፈውም ወር አንዷ እንዲሁ ታልፋ ነበር፤ እንዲህ እየተባለ ማኅበሩ ሊቀር ነው። ሰናይት ተነስታ እትዬ ዘነበችን አቀፈቻቸው። እዚህ ቤት ያዘነ ሁሉ የሚያቅፈው አለው። በዚያም ቀናሁ።

«እኔ ልውሰደው» አልኩ።

«እንግዳ ሆና መጥታ ዕቃ ይዛ ልትሄድ!» አሉ እትዬ ዘነበች፤ ሁሉም ሳቁ።

ሙሴዋ፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ አልሳቁም። «ቤትሽ የት ነው ልጄ?»

«ጎተራ፣ ኮንዶሚኒየም። አራተኛ ፎቅ።»

«ሊፍት አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲህ እያረፍን እንወጣለን» ብለው ጽዋውን አስያዙኝ። እልል ተባለ።

ጎተራ፣ አመሻሽ

ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የነበረች ሴት ጽዋውን አይታ ጠጋ አለችልኝ። ቤት ስገባ ከአባቴ ፎቶ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሰናይትን ብርቱ ስለሆነች ነበር የምቀናባት፤ የቀናሁት በሰዎቿ እንደሆነ የገባኝ ዛሬ ነው። እኔ ለብቻዬ ልጸና ስታገል ነው የከረምኩት።

«አባታችን ሆይ» ብዬ ጀመርኩ፤ መሃል ላይ መቀጠል አቃተኝ። ሰናይት ብትሆን ትጨርሰው ነበር ብዬ አሁንም ቀናሁ። ግድ የለም። በሚመጣው ወር የሚያስጨርሱኝ ሴቶች ደረጃውን እያረፉ ይወጣሉ።