ለመድኑ የሚሆን ምልክት

ይትባረክ ፎቶ አንሺ ነው። ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ ተማሪ ሲመረቅ፣ ጣና ዳር ቁንዝላ ልጃገረድ ስትዳር ካሜራውን አንግቶ ከተፍ ይላል። ጠብ ሲያልፍም አይነካካው፤ ባጃጅ ቢገፋው እንኳ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። ሚስቱ ሰብለ ወንጌልና ሁለት ልጆቹ የሚያድሩት በዚያች ካሜራ ነው።

ባለፈው ዓመት የመጀመሪያዋን ካሜራ ባጃጅ ውስጥ ሞጨለፉበት። መድን ገብቶላት ስለነበር ብዙም አልደነገጠም። የመድን ቤቱ ሰው ግን ውሉን ገልጦ አሳየው፦ የሚተካው በኃይል የተነጠቀ ዕቃ ነው፤ ለዚህም ባለቤቱ አካል ላይ የሚታይ የጉዳት ምልክት ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ ሳያነብ የሚፈርምባትን ገጽ እሱም ሳያነብ ፈርሞባት ኖሯል። የሚስቱን ወርቅ ሸጦ ሁለተኛዋን ሲገዛና መድን ሲገባላት፣ ያችን ገጽ በቃሉ ያዛት።

ከፋሲካ በኋላ ቁንዝላ ሰርግ ነበር። እኩለ ቀን ላይ አጃቢው ከሙሽሪት ደጅ ሲደርስ፣ እንደ ወጉ ዘመዶቿ አናስገባም ብለው በሩን ዘጉ። ግፊያው፣ ጭብጨባው፣ እልልታው ቀለጠ። ይትባረክ መሀል ገብቶ ሲያነሳ ሁለት የማያውቃቸው ጎረምሶች የካሜራውን ማንገቻ ያዙ። አንደኛው ቢላ አሳየውና ዝም ብሎ ከለቀቀ እንደማይነኩት በጆሮው ነገረው።

ይትባረክ አሰበ፤ ማሰቡ ነው ጉድ የሠራው። ሳይታገል ከሰጠ ምልክት የለም፤ ምልክት ከሌለ ካሜራ የለም። አንድ ጥፊ፣ ቢበዛ የተሰነጠቀ ከንፈር ይበቃል ብሎ ማንገቻውን እጁ ላይ ጠመጠመው።

አፉን በቡጢ አሉት። ደሙን ሲቀምስ ሊለቅ ፈለገ፤ ማንገቻው ግን እጁን አንቆ ያዘው። እየጎተቱ ጣሉት። ጎድኑን በእርግጫ መቱት፣ ጣቶቹን በጫማ ጨፈለቋቸው። ሲጮህ ሰርገኛው የበሩ ግፊያ የደመቀ መስሎት አጨበጨበ። ያ ጭብጨባ ያንገበግባል። በመጨረሻ ማንገቻውን በቢላ ሲቆርጡት ስለቱ ሾልኮ ቀኝ ዓይኑን ወጋው። አንዲት ሴት ደሙን አይታ እስክትጮህ ድረስ ለሁሉም ጨዋታ ነበር። ጎረምሶቹ እስከዚያ ከነካሜራው ተሰውረዋል።

ባሕር ዳር ወስደው ቢያሳክሙትም ዓይኑ አልተረፈም።

የመድን ቤቱ ሰው አልጋው ድረስ መጣ። የሐኪሙን ወረቀት አገላብጦ፣ በዚህስ ክርክር የለም፣ ካሜራው በአዲስ ይተካል አለ። ሰብለ ወንጌል ስለ ዓይኑ ጠየቀችው። ሰውየው እያፈረ፣ ውሉ ስለ ዕቃ ብቻ እንደሆነ ነገራት።

እሱ ከወጣ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በፋሻ የታሸገውን ፊቱን በመዳፏ ዳሰሰች።

«ለምን አልለቀቅህላቸውም?» አለችው።

«ትንሽ ምልክት ትበቃለች ብየ ነው የያዝሁት» አላት።

ሰብለ ወንጌል ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች።