ከግድግዳው ያነሳሁት ወረቀት

በ2003 ዓ.ም. ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም ነው የሆነው። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴም። ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ልጄን በንዴት መምታቴን ነግሬያቸዋለሁ። "ሌላስ?" ሲሉኝ "ይኸው ነው አባቴ" ብዬ ተነስቻለሁ። አልነበረም። የምታነቡኝ ሰዎች፣ እናንተ ፊት ልጀምረው።

ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ባለቤቴ ሞቷል፤ ልጄ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ሥራውን ያገኘሁት ለእመቤታችን ተስዬ ነው። ልጄን ያሳደግኩት በዚያ እንጀራ ነው፤ ተመስገን። ይህን ምስጋና ከበደሌ ለይቼ ማቅረብ ግን እስከ ዛሬ አልቻልኩም።

ዓርብ ዓርብ የጥበቃዎች ተራ ከዋናው መሥሪያ ቤት በኢሜይል ይመጣል። ሰንጠረዥ የለው፣ ምን የለው፤ ዝም ብሎ ጽሑፍ ነው። ለአንድ ሰው አንድ መስመር፦ ስሙ፣ የሚጠብቀው በር፣ የሚያድርበት ቀን። መስመሩ ከረዘመ ኮምፒውተሩ ማንም ሳያዘው ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠውንም ወደ ታች አውርዶ ከሚቀጥለው ሰው ስም ጋር ይቀጥለዋል። ለዋናው መሥሪያ ቤት ደውዬ ስናገር "እኛ ጋ ደህና ነው" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ እነሱ ጋ ደህና ነበር። ስለዚህ እኔ በየሳምንቱ የተቆረጠውን ወደ ቦታው እመልስና አትሜ ኮሪደሩ ላይ እለጥፋለሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ግን የኔ ሥራ እንደነበር አውቃለሁ።

ከጥበቃዎቹ አንዱ ጋሽ ተሰማ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልማሳ ሆነው ነው። ማንበብ የማይችሉ ጫኝና አውራጆች ስለነበሩ ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር ጋሽ ተሰማ ፊቱ ይቆሙና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ዜና አንባቢያችሁ ዛሬም እኔው ነኝ" ይላሉ። ሰው ይስቃል፤ እሳቸው ግን ሳይስቁ ቃል በቃል ያነባሉ። ያን ጊዜ ምሳዬን የምበላው ከእነሱ ጋር፣ በር ላይ ካለችው የጥበቃ ቤት ነበር። ሲመሽብኝ ታክሲ እስክይዝ አብረውኝ ይቆሙ ነበር። ይህንንም አልረሳሁም። ሳልረሳው ነው ያደረግኩት።

ያን ዓርብ ልጄን ላቆርብ ቸኩዬ ነበር። ቅዳሴው ሳይገባ ለመድረስ ጽሑፉን እንደመጣ አተምኩት፤ አላየሁትም። አንዱ ጥበቃ ፈቃድ ወጥቶ ስለነበር ለጋሽ ተሰማ ሁለት ሌሊት ተሰጥቷቸዋል፤ መስመራቸው ከወትሮው ረዝሟል። "ቅዳሜ ሌሊት" የሚለው መስመራቸው ላይ ቀረ። "እና እሑድ ሌሊት" የሚለው ተቆርጦ ከታች ካለው ከሌላው ጥበቃ ከደምሴ ስም ፊት ገባ። ዝናብ ስለነበር ሰው ሁሉ ወደ ታክሲ ሮጧል፤ ጋሽ ተሰማ ለብቻቸው ቆመው እስከ መስመራቸው ጫፍ አነበቡ። ደምሴ ከስሙ ጀምሮ አነበበ። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት ስደርስ ሰው ሁሉ የኋላ በር ላይ ተሰብስቧል። እሑድ ሌሊት ቁልፉ ተሰብሮ ሸራና ጎማ ተዘርፏል። በሩን የጠበቀ ሰው አልነበረም። "ፈቃድ የወጣውን ተክቶ ተረኛው ተሰማ ነው" ይላል ኃላፊያችን። "ሰው ልኬበታለሁ።"

ወዲያው ገባኝ። ሰው መሐል ቆሜ ነበር፤ እዚያው "ጥፋቱ የኔ ነው" ብል ምን ነበረበት? ሥራዬን ባጣስ? የቤት ኪራዬን አሰብኩ። ልጄን አሰብኩ። እናት ነኝ ብዬ ይህን እንደ ምክንያት ላቀርበው እችላለሁ፤ ግን ጋሽ ተሰማስ የሰው አባት አልነበሩም?

ወደ ቢሮዬ ገባሁ። መስመሩን ቀጠልኩ። አተምኩ። ኮሪደሩ ባዶ ነበር። እኔ ነኝ የዓርቡን ወረቀት ከግድግዳው ያነሳሁት። እኔ ነኝ በቦታው አዲሱን የለጠፍኩት። ያነሳሁትን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ማታ ቤቴ ከሰል ላይ ጣልኩት።

ጋሽ ተሰማ በዝናብ ረጥበው መጡ። "ቅዳሜ ብቻ ነው የሚለው ጌታዬ፣ በዓይኔ አይቻለሁ" አሉ። ኃላፊው ክንዳቸውን ይዞ ኮሪደሩ ላይ አቆማቸው።

"እንግዲያው ያንብቡልን።"

አነበቡ። "ቅዳሜ ሌሊት እና እሑድ ሌሊት።" ጣታቸውን ቃሉ ላይ አድርገው እንደገና አነበቡ።

ደምሴ ከኋላ፣ "ዜና አንባቢው! ለራስህ ሲሆን ፊደሉ ጠፋህ?" አለ። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ኃላፊው ወደኔ ዞረ። "አንቺ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው እንዲህ ነው?"

"አዎ፣ እንዲህ ነው የላኩት" አልኩ።

ውሸት አልነበረም። የላኩት እንዲያ ነበር። ይህችን እውነት ስንት ዓመት ለራሴ ሳሳያት ኖርኩ! ሰው በእውነት ሊዋሽ እንደሚችል ያን ቀን ከራሴ ተማርኩ።

ጋሽ ተሰማ ወረቀቱ ተቀይሯል አላሉም። ይህን ቢሉ እኮ ሰው ይጠረጥረኝ ነበር። እኔን ከመጠርጠር ይልቅ ራሳቸውን ጠረጠሩ። "ዓይኔ ነው" አሉ። "ዓይኔ ከድቶኝ ነው።"

ከጥበቃ አንስተው ግቢ ጠራጊ አደረጓቸው። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያ ፊት ቆመው አያውቁም። ጫኞቹም ሌላ አንባቢ ፈለጉ። እኔ ምሳ ዕቃዬን ይዤ ቢሮዬ ገብቼ በር ዘግቼ መብላት ጀመርኩ። ማንም ለምን አላለኝም። ሰው ከሌለበት ምሳ ይልቅ የሚከብደኝ ግን ሰው መሐል መቆም ነው፤ ደህና ሰው ነሽ ይሉኛል።

ዛሬ ገላን ኮንዶሚኒየም የራሴ ቤት አለኝ። ልጄ በቁመት በልጣኛለች። ተመስገን። ባለፈው ዓመት ጋሽ ተሰማ ማረፋቸውን ሰምቼ ለቅሶ ደረስኩ። ሴት ልጃቸው አጠገቤ ተቀመጠች።

"መሥሪያ ቤት ታነቢላቸው ነበር አሉ። እግዚአብሔር ይስጥልን እታለም" አለችኝ። "ዓይኔ አይሠራም እያሉ ዳዊታቸውን እንኳ ትተው ነበር። ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሙ ዓይናቸው ምንም አልሆነም አለን። አላመኑትም።"

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩት። ለአባቷ ያለቀስኩ መሰላት።

አሁን ይቅርታ የምጠይቃቸው ሰው የሉም። እናንተም ይቅር እንድትሉኝ አልለምናችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ደግሞም ሳልናገር የቀረሁት ጊዜ አጥቼ አይደለም። ጊዜው ተሰጥቶኝ ነበር፤ ወረቀቱን በቀየርኩ ማግስት ጠዋት፣ ማክሰኞ።

ገና ማንም አልገባም። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል። ጋሽ ተሰማ ኮፍያቸውን አውልቀው ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ። ወደ ጠራጊነት መዛወራቸውን የሚገልጸውን ደብዳቤ በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

"ልጄ፣ እስቲ አንብቢልኝ" አሉ። "ከእንግዲህ በኔ ዓይን አልተማመንም።"

ክፍሉ ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። አፍ ነበረኝ። ደብዳቤውን ተቀበልኩ። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው፣ ቀስ ብዬ፣ አንድም ቃል ሳልዘል አነበብኩላቸው።

"ዓይንሽን ይባርክልሽ" አሉኝ።

"አሜን" አልኩ።