የእናኑ የአገዳ ቤት

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው በጆሮዬ ብቻ አልነበረም፤ ሲሠራም በዓይኔ እያየሁ ነበር። ያኔ ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብሎ ባለ የሰሊጥ እርሻ ካምፕ ውስጥ እንኖራለን፤ አባቴ ትራክተር ይነዳል፣ እናቴ ለሠራተኞቹ ታበስላለች። ተረት ነጋሪያችን የመጋዘኑ ዘበኛ አያ ሞላ ነበሩ። ለአንድ አጨዳ ብለው ከጎጃም ወርደው፣ እግራቸውን ትራክተር ጎድቷቸው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። «በዚህ እግሬ፣ ባዶ እጄን፣ ምን ብዬ እገባለሁ?» ይሉ ነበር። አገራቸው ግን እናኑ የምትባል፣ እናቷ የሞተችባት ልጅ ነበረቻቸው፤ አክስቷ ዘንድ ታድጋለች።

ራት ተበልቶ የምድጃው እሳት ወደ ፍም ሲመለስ፣ አያ ሞላ ፋኖሱን አጠገባቸው አስቀምጠው ሰው የጣለውን ሁሉ ከጆንያቸው ያወጣሉ፤ የማሽላ አገዳ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ የክብሪት ቀፎ፣ የተቀደደ ጀሪካን፣ ልብስ ሰፊ የጣለው፣ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱት የቶብ ጨርቅ ቁራጭ። ከዚያ ኮተት አንዲት ቤት ሠርተዋል፤ ጉልበቴ ድረስ እንኳ አትደርስም፤ አልጋው፣ በሩ፣ ከቆርኪ የተሠራው ድስት ሳይቀር ተሟልቶላታል። አገራቸው ጥለውት የመጡት ቤት ይኸው ነው ይሉናል። ውስጧም ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራች እናኑ አለች። እጃቸው አገዳ እየላጠ አፋቸው ይተርካል፤ እናኑ ጅቡን አታልላ ስትመልሰው፣ ማሽላ ከሰረቃት ዝንጀሮ ጋር ስትካሰስ እናመሻለን። ጢሱ ዓይናችንን ቢለበልበንም ንቅንቅ የሚል የለም።

በየዓመቱ አጨዳ ሲደርስ አሮጌዋን አሻንጉሊት ያነሱና ከፍ ያለች ሌላ ይሠራሉ። ልጅቱን ካዩ ብዙ ስለቆዩ ቁመቷን የሚያውቁት በግምት ነው። እኔን አቁመው ወደ ላይ ወደ ታች ያዩኝና፣ «እሷ እንኳ ካንቺ ሳትረዝም አትቀርም፤ የእናቷ ዘር መለሎ ነው» ይሉኛል። እንዴት እንደምበሽቅ! አይቻት የማላውቃት ልጅ በቁመት ትበልጠኝ? አንድ ዓመት አሻንጉሊቷ በበሩ አልገባ አለች። ከት ብለው ሳቁና፣ ጣራውን አፍርሰው ቤቱን እንደ አዲስ ከፍ አድርገው ሠሩት።

በዚያው ዓመት ከሳሉጎቹ ጋር፣ ከደጋ ለአጨዳ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች እንዲህ ነው የምንላቸው፣ አስማረ የሚባል የጎረቤታቸው ልጅ መጣ። ከአያ ሞላ ጋር ተቃቅፈው ሲሳሳሙ፣ ሲጠያየቁ አመሹ። በማግስቱ አስማረ እናቴ ያለችበት ማድቤት ገብቶ ኩርምት ብሎ ተቀመጠ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር።

«እታለም፣ እናኑ እኮ የለችም» አላት። «ክረምቱን ታማ ሞተች። እኔ እንዴት አድርጌ ልንገራቸው?»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ አለቀሰች።

መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛውን ደግፎ የሚይዝ ባለበት ነው የሚነገረው። ሰሊጡ ደግሞ ደርሷል፤ ትንሽ ከዘገየ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ሠራተኛው ሁሉ ከማሳ አይወጣም። ስለዚህ የካምፑ ትልልቅ ሰዎች መከሩና፣ ሰሊጡ ታጭዶ ተራግፎ ሰው እጁን እስኪያሳርፍ ይቆይ ተባለ። እናቴም ጆሮዬን ይዛ «ትንፍሽ ትዪና!» አለችኝ።

ወይ እነዚያ ምሽቶች! አያ ሞላ ያን ሰሞን በተረታቸው እናኑን ከተማ ልከው ሊያስተምሯት ነበር። ከሰማያዊ ቶብ ቁራጭ ዩኒፎርም ሰፉላት፣ የክብሪት ቀፎውን በክር አንጠልጥለው ቦርሳ አደረጉላት። መንገድ ላይ ያጋጠማትን፣ ጓደኞቿን፣ ወንዙን እንዴት እንደተሻገረች ይተርካሉ። ድሮ «ሽማግሌ በአሻንጉሊት ይጫወታል» እያሉ ሲያሾፉባቸው የነበሩት ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ መጥተው ይሰማሉ፤ ሳቃቸው ግን የውሸት ነው። አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። አስማረ ተረቱ ሳይጀመር ተነሥቶ ይሄዳል። እኔ እንባዬ ሲመጣ በጢሱ አሳብባለሁ።

ሰሊጡ ተራግፎ አለቀ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሰዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ መጋዘኑ ሄዱ፤ እኔም እናቴን ተከትዬ ሄድኩ። አያ ሞላ ብርድ ልብሳቸውን አጣጥፈው፣ ልብሳቸውን ለባብሰው ቁጭ ብለው ነበር።

«መጣችሁ?» አሉ። «ተቀመጡ። አትጨነቁ፣ አውቄዋለሁ።»

ሰው ሁሉ ወደ አስማረ ዞረ። እሱም «በማርያም! እኔ አንዲት ቃል አልወጣኝም» ብሎ ጮኸ።

«እውነቱን ነው፣ አላለኝም» አሉ አያ ሞላ። «የመጣ ለት የአገሩን ሰው ደኅንነት አንድ ባንድ ነገረኝ። ላሚቱን እንኳ ስሟን ጠርቶ ወለደች አለኝ። እናኑን ዘለላት። እኔም አልጠየቅሁትም።»

አባቴ «ታዲያ ያን ሁሉ ማታ እንዴት ቻሉት?» አላቸው።

«እናንተ አፍ አውጥታችሁ እስክትነግሩኝ ድረስ አለች ብዬ ነዋ!»

ያለቀሱት ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ የወንድ ልቅሶ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ዛሬም ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ።

ሳሉጎቹ ሲመለሱ አያ ሞላም ከአስማረ ጋር መኪና ተሳፍረው አገራቸው ገቡ፤ መቃብሯን ለማየት። ቤቷን መጋዘኑ ጥግ ትተዋት ሄዱ፤ ክረምት ሲገባ ምስጥ ጨረሳት። ከዚያ በኋላ ስለ እሳቸው የሰማሁት ነገር የለም።

ያኔ እኛ ስናዝንላቸው የነበረው አላወቁም ብለን ነበር። አሁን እኔም እናት ሆኛለሁ፤ ልጄ ማታ ማታ ተረት ካልነገርሽኝ ትለኛለች። አንዳንዴ የእናኑን እጀምርላታለሁ። ጅቡን ስታታልል ትስቃለች፣ ዝንጀሮውን ስትከስ ትፈርዳለች፤ ከዚያ ተጠግታኝ «ከዚያስ፣ እማዬ? ስታድግስ?» ትለኛለች። እኔ እዚያ ላይ «በቃ ተኚ» ብዬ አለብሳታለሁ። እያወቁ መቀጠል ያውቁበት የነበሩት አያ ሞላ ናቸው፤ እኔ አልቻልኩበትም።